ካሜራው ላይ የተሰቀለው ፎጣ

«ወንድ ታስገባለች» አለች ሮስሚዛ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን የኮኮናት ሩዝ እየፈታች። «አዎ፣ እናቴ መኝታ ክፍል ድረስ! ማንም አልነገረኝም፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መኪና ልካችሁ ውሰዱልኝ።» ታናሽ ወንድሟ ነዝሪን የሻይ ብርጭቆውን ይዞ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከስልኩ ማዶ ያለው የሠራተኛ ኤጀንሲ ሰው ሌላ ዕድል ስለመስጠት አንድ ነገር ሳይል አልቀረም፤ ሮስሚዛ ከአፉ ነጥቃ «ሌላ ዕድል የለም። ምክንያቱም ወረቀቷ ላይ ይጻፍ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ቤት ገብታ የሌላ ሰው እናት እንዳታስደፍር» አለችው። ኢፖ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ወረቀቷ ላይ የተጻፈባት ሠራተኛ ምን እንደሚገጥማት ነዝሪን ያውቃል። ደጁን የሚከፍትላት አይገኝም። ፓስፖርቷ ከኤጀንሲው መሳቢያ ወጥቶ እጇ የሚገባው ጀልባው ላይ ስትሳፈር ነው፤ ክፉ ስሟም ከእሷ ቀድሞ አገሯ ሎምቦክ ይደርሳል። ከማድ ቤቱ የወባ መረብ ወዲያ ሙርኒያቲ አንሶላ ታሰጣ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ቤት ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሠርታለች፤ ቤተሰቡም የአገሩ ሰው የቤት ሠራተኛን ሁሉ እንደሚጠራው ቢቢክ ብሎ ነው የሚጠራት። ሁሉንም ሰምታለች። መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ አንሶላው ጫፍ ላይ ሰካችና ሌላ አንሶላ አነሳች።

ነገሩ የተነሳው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሮስሚዛ ሻህ አላም ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት፤ ቅዳሜና እሁድ እናቷን ለመጠየቅ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር የማቀዝቀዣውን ሆድ ዕቃ ሳትፈትሽና በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጣቷን አሽታ አቧራ ሳትፈልግ አትሄድም። ዛሬ ጠዋት በእናቷ በር ስታልፍ የወንድ ድምፅ ሰማች። ረጋ ያለ ድምፅ ነው፤ «ማክ፣ እንዴት አደርሽ? እግርሽን ሲያምሽ አደረ እንዴ?» ይላል። በዚያ ቤት እናትየውን ማክ ብለው የሚጠሩት እሷና ነዝሪን ብቻ ናቸው፤ ነዝሪን ደግሞ ያን ሰዓት ፎቅ ላይ ተኝቷል። በሩን በርግዳ ስትገባ እናቷን አልጋቸው ላይ፣ ሙርኒያቲን መጥረጊያ ይዛ መስኮቱ አጠገብ አገኘቻቸው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በነጠላ ጫማዋ እስከ ኋላው መተላለፊያ ድረስ ሮጠች፤ ከአንድ ድመትና ከጎረቤት የውሃ ቱቦ በቀር ማንም የለም። ተመልሳ «ማነው የነበረው?» ብላ ስታፈጥባት ሙርኒያቲ ጣቷን ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ቀሰረች። «እኔም ሰምቼዋለሁ እመቤቴ፤ ከላይ ነው የሚመጣው» አለች። «ከላይ! ጂን ነው በይኛ!» አለች ሮስሚዛ። ይህንኑ ቁርስ ላይ ለነዝሪን ስትነግረው ሙርኒያቲን እያስመሰለች ጣቷን ወደ ጣሪያው ትቀስር ነበር። «ዓይኗን በጨው አጥባ እኮ ነው!»

ነዝሪን ግን «ከላይ» የተባለው ምን እንደሆነ ገባው። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ካሜራው ነው። አምና እናቱ ሐጃ ካልሱም ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው በኋላ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው፣ የታችኛው የምግብ ክፍል መኝታ ተደርጎላቸዋል። የምግብ ጠረጴዛው ወደ በረንዳ ወጣ፤ የሆስፒታል አልጋ ገባ፤ ሰማያዊ አበባ ያለበት የወለል ሸክላ ግን የድሮው ነው። ካሜራውን ያኔ ነበር በሰማንያ ዘጠኝ ሪንጊት ከገበያ ማዕከሉ የገዛው፤ ጡጫ የምታህል፣ ወዲያ ወዲህ የምትዞር፣ የምታይ፣ የምትሰማና የምትናገር ነጭ ዕቃ፤ እንደምትናገር ግን ሮስሚዛ አታውቅም። ሮስሚዛ ያን ቀን ጉድ አፍልታ ነበር። «ማክ በምትታጠብበት ክፍል ካሜራ? አብደሃል?» አለችው። እውነቷን ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ደረጃ ከፍ ስለሚል ሐጃ ካልሱም በየጠዋቱ ገላቸውን የሚታጠቡት እዚያው አልጋቸው ላይ ነው። ነዝሪን ታላቅ እህቱን እንደሚጠራት «ካክ» ብሎ፣ አፉን ሞልቶ መለሰላት፦ «ካክ ሮስ፣ የዚህን ቤት የኢንተርኔት አጥር የሠራሁት እኔ ነኝ። በአላህ እምልልሻለሁ፣ ከእኔ በቀር ማንም አያይም።» ሙርኒያቲ መሐላውን ሰምታለች፤ ቢሆንም አሮጊቷን ልታጥብ ስትል ቀይ ጽሑፍ ያለባትን ነጭ ፎጣ ካሜራው ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ነዝሪን ከቢሮው ሆኖ ጥቁር ምስል ባየ ቁጥር በካሜራው ድምፅ ማጉያ «ቢቢክ፣ ፎጣውን አንሺው፤ ምንም አይታየኝም» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ፎጣው ተሰቅሎ አያውቅም።

ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ክፍሉ ወጣ። ነዝሪን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንጀራው የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው፤ ስሙ የሚታወቀው ግን ሳይከፈለው በሚሠራው ሥራ ነው። የቀርከሃ አጥር ይባላል፤ ከኢንተርኔት ወደ ቤት ሊገባ የሚሞክረውን ሁሉ እየፈተሸ የሚመልስ ፋየርዎል ነው። አሠራሩ ለማንም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ሰው ወስዶ ይጠቀምበታል፤ የተሻለ ነገር አለኝ የሚልም ማሻሻያ ይልካል። የተላከውን የሚቀበለውና የሚመልሰው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ነዝሪን ነው። ከፔናንግ እስከ ማኒላ ከአራት ሺህ በላይ ቤቶች፣ ሱቆችና ክሊኒኮች አጥሩን ተክለውታል። በገዛ ቤቱ ይህን የሚያውቅለት የለም። ሮስሚዛ «ያ የነጻ ሥራህ» ትለዋለች፤ እናቱ ልጃቸው ኮምፒውተር ፊት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈውን እሱም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁትም።

በየወሩ መጀመሪያ እንደሚያደርገው ቤቱን በኢንተርኔት በኩል ከውጭ ፈተሸ። መልሱ እንደ ወትሮው መጣ፤ በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። እህቱ የሰማችው የጎረቤት ሬዲዮ ሊሆን እንደሚችል አሰበ። ወዲያው ግን ቱዪ ትዝ አለችው። ቱዪ ባሕር ማዶ፣ ዳናንግ ከተማ የምትኖር፣ ፊቷን አይቶት የማያውቅ ፕሮግራመር ናት። ከስምንት ወር በፊት እንዲህ ብላ ጽፋለት ነበር፦ «ወንድም ነዝሪን፣ አጥርህ አሮጌውን የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ነው የሚያውቀው። አዲሱ፣ ረጅሙ አድራሻ፣ አይፒ ስድስት የሚሉት፣ አጠገቡ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ እባክህ እየው።» በአሮጌው አሠራር ቤቱ በሙሉ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ይደበቃል። በአዲሱ ግን ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ካሜራውም እያንዳንዱ ከየትም የሚታይ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል፤ ስለዚህ አጥሩ አዲሱንም ማወቅ ነበረበት። ነዝሪን በሁለት መስመር መለሰላት። «እኛ አካባቢ ይህን የሚጠቀም የለም። አድራሻዎቹም ከባሕር አሸዋ ይበዛሉ፤ ማን ፈልጎ ያገኛቸዋል?» አለና ጉዳዩን ዘጋው። ሁለት ጊዜ ደግማ ስትጽፍለት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሐቁን ለመናገር ምክንያቱ ውሃ እንደማያነሳ ያኔም ያውቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ብቻውን ወደሠራው ሥራ አንዲት የማያውቃት ሴት ስድስት መቶ መስመር ይዛ ስትመጣ ከነከነው፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

አሁን የቤቱን መስመር ገልጦ አየ። ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት ከአምስት ሳምንት በፊት አዲሱን አድራሻ ለሠፈሩ ሁሉ ከፍቷል፤ ማስታወቂያው በወርሃዊው ደረሰኝ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ነዝሪን ደረሰኝ አያነብም። የስልኩን ዋይፋይ አጠፋና በሞባይል ዳታ፣ እንደ ማንም የውጭ ሰው ሆኖ፣ የካሜራውን ረጅም አድራሻ አስገባ። አጥሩ አልከለከለውም። የይለፍ ቃል ተጠየቀ፤ ከፋብሪካ የመጣውን ጻፈ፣ ቀይሮት አያውቅማ። ከፈተለት። እናቱ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ሙርኒያቲ፣ የማባረሪያዋ ስልክ ሲደወል የሰማችው ሴት፣ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዛ አንገታቸውን፣ ብብታቸውን፣ ደረታቸውን በቀስታ ታብሳለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከዚያ የካሜራውን የመግቢያ መዝገብ አወጣ። አንድ እንግዳ ሠላሳ አራት ቀን ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድል ገብቷል። የሚገባው ጠዋት ጠዋት፣ በመታጠቢያ ሰዓት ነው። አሸዋውን መበጠርም አላስፈለገውም፤ ካሜራው በየሰዓቱ ሰዓቱን ለማስተካከል ወደ ውጭ ሲደውል አድራሻውን በየሄደበት ትቶ ይመጣ ነበር።

ወደ ታች ወርዶ እናቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ከተቀመጠ ስንት ጊዜ እንደሆነው አላስታወሰም። ሐጃ ካልሱም አፋቸው ወደ ግራ ስለተጣመመ ቃል ለመጨረስ ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ አእምሯቸው ግን የእሱን ያህል ንቁ ነው። ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«ማክ፣ ማነው የሚያናግርሽ?»

«መጀመሪያ አንተ መስለኸኝ ነበር» አሉ። «በኋላ ግን አንተ እንዳልሆንክ ገባኝ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እንዴት አደርሽ ይለኛላ።»

ነዝሪን አንገቱን ደፋ። «ሌላስ ምን ይልሻል?» አለ።

«መድኃኒቴን መዋጤን ይጠይቃል። እግሬን ይጠይቃል። አርብ አርብ አንተ መስጊድ ስትሄድ ቤት ማን እንደሚቀር ጠየቀኝ። ቢቢክ አለች አልኩት። ክፉ ሰው አይመስልም፣ ሲያደምጥ አያቋርጥህም።»

ክፍሉ ተመልሶ ለቱዪ ጻፈላት። ማሻሻያሽ አሁንም ይሠራል ወይ ብሎ ነው የጠየቃት፤ ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ ሰላምታ እንኳን አልጨመረበትም። በሩብ ሰዓት ውስጥ መለሰችለት። «ይሠራል። ማን ቤት ነው?» አለች። «የእኔ» አላት። ቱዪ አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው ይሻለው ነበር። «አጥሩን አሁን አድስ። ግን ይህን እወቅ፤ አጥር ከውጭ የሚመጣውን ነው የሚመልሰው። ሰውየው ካሜራው ውስጥ የራሱን ነገር ተክሎ ከሆነ፣ ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ ይጠራዋል፤ አጥርህ ደግሞ ከውስጥ የሚወጣውን አይከለክልም። ካሜራውን ዛሬውኑ ንቀለው» አለችው። ነዝሪን ይህን ሳትነግረውም ያውቀዋል። ነገር ግን ካሜራውን ቢነቅል ሮስሚዛ ለምን ነቀልከው ትላለች፤ ለዚያ መልስ ካለ ደግሞ መልሱ ጠዋት ጠዋት ስለተደረገው መታጠብ ነው። ነገ ማታ እህቱ ወደ ሻህ አላም ስትሄድ ሊነቅለው ወሰነ። አንድ ቀን ምን አላት ሲል ራሱን አጽናና።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የቱዪን ስድስት መቶ መስመር አንድ በአንድ አነበበ። ንጹሕ ሥራ ነው። ተቀበለው፣ የቤቱን አጥር አደሰ፣ ከውጭ ሲሞክረው ረጅሙ አድራሻም ተዘጋ። ከዚያ አጥሩን ለሚጠቀሙት ሁሉ ማስታወቂያ ጻፈ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከስምንት ወር በፊት ተነግሮኝ አልሰማሁም። ቤታችሁ ክፍት ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎቻችሁን ሁሉ ፈትሹ። የእኔ ቤትም ተገብቶበታል።» ከአራት ሺህ ለሚበልጡ የማያውቃቸው ሰዎች ጥፋትን መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመው። መልሶቹ ወዲያው መዝነብ ጀመሩ። አንዱ ከሴቡ «እንደ አንተ ያለ እውነተኛ ሰው ብዙ የለም» አለው። ያችን መልስ ሁለት ጊዜ አነበባት። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበር።

አሁን ለእህቴ እነግራታለሁ ብሎ ነው የወረደው። ሙርኒያቲ የኋላው በር አጠገብ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፏል፤ ሮስሚዛ የሠራተኛዋን የውስጥ ልብስ፣ የጸጉር ዘይቷን፣ ለልጇ የገዛችውን አዲስ ጫማ ሳይቀር እያገላበጠች ትፈትሻለች። ሌባ ነሽ ያላት ማንም አልነበረም። ሙርኒያቲ የገዛ ጡት መያዣዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነዝሪን ሲገባ ዓይኗን ወደ ወለሉ አወረደች፤ እሱም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ከዚያ ቀና ብላ በለሰለሰ ድምፅ «ጌታዬ ነዝሪን፣ ያ ዓይን ሰው ሳይነካው እንደሚዞር ነግሬዎት ነበር» አለችው። እውነት ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ነግራዋለች፤ ሥራሽን ሥሪ ብሏት አልፏል።

«የምን ዓይን?» አለች ሮስሚዛ ጫማውን እንደያዘች።

እንግዲህ በሩ ተከፍቶለት ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ሙርኒያቲ ልብሷን መልሳ ታጥፋለች፣ ኤጀንሲው ይደወልለታል። ነገር ግን ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር ሌላ ትከተላታለች፣ እሷንም ሌላ፤ መጨረሻ ላይ ሠላሳ አራት ጠዋት አንድ የማያውቁት ወንድ እናታቸውን ራቁታቸውን አይቷል የምትለዋ ትመጣለች፤ የእሱ መሐላ ደግሞ ከሥሯ ትቀመጣለች። «ካሜራውን ማለቷ ነው» አለ ነዝሪን። «አንዳንዴ በራሱ ይዞራል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ነው።»

ሙርኒያቲ አየችው። ትጮህበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ራሷን ሁለት ጊዜ ነቀነቀችና ተነሥታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

«ምሳ በልታለች?» አለ ነዝሪን።

«ያ ወንዷ ያብላት» አለች ሮስሚዛ።

መኪናው አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሹፌሩ አልወረደም፤ ጡሩንባውን ነው የነፋው። ሙርኒያቲ ሐጃን ልሰናበት ብላ ለመነችና ብቻዋን ገባች፤ ቆየችም። ከበሩ ውጭ የሐጃ ካልሱም ልቅሶ ተሰማ፤ እንደ ሕፃን ያለ፣ ቃል የሌለው ልቅሶ። ስትወጣ ፊቷ ደረቅ ነበር። ነዝሪን ቦርሳዋን እስከ አጥሩ በር ሊሸከምላት ቢያነሳው ከእጁ ወሰደችው። በሩ እንደተዘጋ ጎረቤትየዋ ከመጋረጃዋ ጀርባ ዞር አለች። ሮስሚዛ ወለሉን በፍል ውሃና በሳሙና አጠበች፤ ደግማ ደጋግማ ነው ያጠበችው።

የመግሪብ ሰላት እንዳበቃ ሮስሚዛ ገንፎ በሳህን ይዛ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ነዝሪን ተከትሏት ገብቶ በሩ ላይ ቀረ። አንሶላው ተቀይሯል፤ መድኃኒቶቹ በየሰዓታቸው ተደርድረዋል፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካሜራው አይታይም። ቀይ ጽሑፍ ያለባት ነጭ ፎጣ ተሰቅላበታለች፤ እንዳትወድቅም ጫፍና ጫፏ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች ሮስሚዛ።

«ተዪው፣ አትንኪው» አላት።

ብዙም አልተከራከረችውም፤ ልቧ ተረጋግቷል። ማንኪያውን እፍ እፍ እያለች ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች። «ይኸው፣ ከሄደች ወዲህ ትንፍሽ የለም። አየህ አይደል? እኔ እኮ ከመሬት ተነሥቼ አልናገርም። ማክ፣ ሰውየሽ ዛሬ ከሰዓት መጣ እንዴ?»

ሐጃ ካልሱም አፋቸውን ለማንኪያው አልከፈቱም። ዓይናቸው ፎጣው ላይ ነበር። ነዝሪንም ወደዚያው አየ። ከፎጣው ሥር እዝዝ የሚል ቀጭን የሞተር ድምፅ ተነሣ፤ የፎጣው ጫፍ በመጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰ፤ መቆንጠጫዎቹ እርስ በርሳቸው ተነካኩ።

«ማክ» አለ ድምፁ። በፎጣው ታፍኗል፣ ግን ያው ረጋ ያለው ነው፣ ያው የማይቸኩለው። «ቢቢክን ሸኛችኋት አይደል? ሰማሁ። ታዲያ ከእንግዲህ አርብ አርብ ቤት ማን ይቀራል?»

ማንኪያው ከሮስሚዛ እጅ አምልጦ ሰማያዊው ሸክላ ላይ ወደቀ። ወደ ቁም ሳጥኑ ለቅጽበት አየች፤ ከዚያ ዞራ ወንድሟን አየች። እሱ አልደነገጠም፤ አለመደንገጡንም አየችበት። አፏን ከፈተች፣ ነገር ግን እሷ ቃል ከማግኘቷ በፊት ሐጃ ካልሱም በዚያ በተጣመመ አፋቸው፣ እያንዳንዷን ፊደል እየጎተቱ፣ ለጠያቂያቸው መልስ ሰጡ።

«ማንም የለም» አሉት።